ሩቅ የእሳተ ገሞራ ዋሻ አጠገብ ድንኳን ተክሎ ለማደር እንዴት ይታቀዳል? ከባሕር ዳር ለሚነሡ

ዋሻውን ለማየት ይሂዱ፤ ዋሻው ውስጥ ግን አይደሩ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ስንት ጀሪካን ውሃ እንደሚጫን፣ ከከተማ በስንት ሰዓት መውጣት እንደሚገባ የሚወሰነው ዋሻው የቀን ቦታ፣ ድንኳኑ የሌሊት ቦታ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው።

1. የዋሻውን ዓይነት ይለዩ

ጣና ዙሪያ የምንረግጠው መሬት አብዛኛው የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ሐይቁን የገደበው ዓባይ በሚወጣበት በኩል የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ሲሆን፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወርድበት ጥቁር ገደልም ባዛልት ነው። ግማሽ ቀን ካለዎት አስቀድመው ወደ ፏፏቴው ይሂዱ፤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንጋዩ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ ከገደል ሥር የተከመረ ናዳ ምን እንደሚመስል ዓይንዎ ይለምዳል።

የእሳተ ገሞራ ዋሻ ሲባል በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ የሚፈስ ቅልጥ ድንጋይ ከላይ ቀዝቅዞ ሲጠነክር ውስጡ ግን ፈሶ ሲያልቅ የሚቀረው ቱቦ ነው። ረጅም፣ ጠባብና ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ወለሉም ጫማ ይበላል። ሁለተኛውና በደጋችን የሚበዛው፣ ጠንካራ ባዛልት ከላይ፣ ለስላሳ የአመድ ድንጋይ ወይም ቀይ አፈር ከሥሩ ተደርቦ ሲገኝ፣ ለስላሳው ተሸርሽሮ የሚፈጠረው ነው። አፉ ሰፊ ነው፤ ወደ ውስጥ ግን ብዙም አይዘልቅም።

ልዩነቱ ለዕቅድ ይጠቅማል። ቱቦው ውስጥ የሚያሰጋው የመብራት ማለቅ ነው። ሰፊ አፍ ባለው ዋሻ የሚያሰጋው ደግሞ ከንፈሩ ነው፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ድንጋይ ስለተበላ የላይኛው ጠርዝ ደጋፊ የለውም። ውሃ የሚንጠባጠብበትን መስመር ሲያልፉ ፈጥነው ይለፉ፤ እዚያ ቆሞ ፎቶ መነሣት አይገባም። መሬት ላይ የወደቁትን ድንጋዮች ቀረብ ብለው ይዩ። ፊታቸው ቡናማ ሆኖ የድንጋይ ሽበት (ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ግራጫ ልባስ) ካበቀለ የቆዩ ናቸው። ስብራቱ ጥቁር ግራጫና ንጹሕ ከሆነ፣ ጠርዙም እጅ የሚቆርጥ ከሆነ፣ በቅርብ የወደቀ ነውና ያንን በኩል ይተውት።

2. ወቅቱንና ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሩ

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ነው። በክረምት መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት ነው። መስከረም መሬቱ አምሮ ቢታይም በስንጥቁ የገባው ውሃ ገና አልወጣም፤ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ድንጋዩም ይላላል። መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ምንጩ ይደርቃል።

እኛ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ግድም ይመሻል። ስለዚህ ሰፈር የሚደረስበት ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው ብለው ይጀምሩ፤ ድንኳን ለመትከል፣ ውሃ ለማየትና ለማብሰል ሦስቱ ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚያ የእግር ጉዞውን፣ ቀጥሎ የመኪናውን ሰዓት እየቀነሱ ወደ መነሻው ይምጡ። የተገኘው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ከሆነ ጉዞው የአንድ ቀን አይደለም። ለምሳሌ በላስታ በባዛልት ገደል ሥር ባለ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ብዙዎች የሚመኙት ነው። በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ላሊበላ ለመድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ግድም የተራራ መንገድ ይቀራል። በአንድ ቀን ጨርሼ ድንኳን እተክላለሁ ያለ በጨለማ ካስማ ሲፈልግ ያመሻል።

3. ፈቃድና የመንገድ ወሬ

የመንገዱን ጸጥታ ከመነሣትዎ በፊት ባለው ቀንም፣ በመነሻው ጠዋትም ይጠይቁ፤ በየወረዳው በስልክ የሚያገኙት ሰው ይኑር። ጥርጥር ካለ ጉዞውን ማስተላለፍ ነው። ዋሻው ይቆያል።

ፈቃድ የሚጠየቀው በቀበሌው ነው፤ ዋሻው የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ በአስተዳዳሪው። ሰው የለበትም የተባለ ዋሻ ባሕታዊ የሚጸልይበት ወይም ጸበል የሚፈልቅበት ሊሆን ይችላል። በቅጥሩ ውስጥ ድንኳን አይተከልም፤ የት ማደር እንደሚቻል አባቶች ያሳዩዎታል። ከአካባቢው አንድ መሪ ይያዙ። ጥሩ መሪ ማለት ታሪክ የሚያወራው ሳይሆን ምንጩ ዘንድሮ የት እንዳለ የሚያውቀው ነው።

4. ውሃ

ባዛልት በስንጥቅ የተሞላ ስለሆነ ዝናቡን ወደ ውስጥ ይስባል። ገደሉ አናት ላይ ድርቅ ያለ፣ ከሥሩ ግን ምንጭ ያለው ለዚህ ነው። ምንጭ አለ ቢባሉም ሙሉውን ውሃ ይዘው ይሂዱ።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 4 ሊትር። ለአራት ሰው ሦስት ቀን 48 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን፣ 12 ሊትር መጠባበቂያ ጭምር ማለት ነው። ውሃው ብቻውን 60 ኪሎ ስለሚመዝን ከመኪና መውረጃው በኋላ አህያ ይከራዩ። ሁለቱ ጀሪካን ግራና ቀኝ ይመጣጠናሉ፤ ሦስተኛው በሌላ አህያ ከስንቁ ጋር ይጫናል።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ነው። የገዙትን ጀሪካን ሞልተው፣ ከክዳኑ ሥር ቁራጭ ፌስታል አድርገው ያጥብቁት፤ በአፉ ደፍተው ያሳድሩትና ጠዋት መሬቱን ይዩ። ዘይት የነበረበትን አይውሰዱ፤ ቢታጠብም ሽታው ሻዩን ያበላሻል። የምንጭ ውሃ ከጨመሩ በነጠላ አጥልለው ያፍሉት፤ ወይም ውሃ አጋር (ውሃ ማከሚያ ክሎሪን) በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ያቆዩት።

5. ስንቅና እሳት

በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ይበቃል። ለአራት ሰው ሁለት ሌሊት 2 ኪሎ በሶ፣ 2 ኪሎ ቆሎና 3 ኪሎ ድርቆሽ ይያዙ፤ በርበሬ፣ ዘይትና ሽሮ ይጨመራል። ረቡዕና ዓርብን፣ እንዲሁም አጽዋማቱን አስበው ይግዙ፤ መሪዎ የሚጾም ከሆነ ለብቻው ማብሰል ድካም ነው።

ለማብሰያ ትንሽ ቡታጋዝ ይበልጣል። በዋሻ አፍ እሳት አይነድም፤ ጭሱ ግድግዳውን ያጠቁራል፣ ሙቀቱም የጣሪያውን ድንጋይ ልጦ ሊጥል ይችላል። ከሰል ወደ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ በመጨረሻው ትንሽ ፍም እንኳ ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተኝቶ የሚተነፍሰው ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

6. ድንኳኑ የት ይተከል?

ከገደሉ ቢያንስ የገደሉን ከፍታ ያህል ይራቁ፤ ከዋሻው አፍ ደግሞ ከ50 ሜትር አያንሱ። አንደኛው ምክንያት የሚወድቅ ድንጋይ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ።

በገደልና በዋሻ ስንጥቅ ሽኮኮ ይኖራል። የቁንጭር ተውሳክ በሽኮኮ ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ሰው የሚያሻግረው ደግሞ በዚያው ስንጥቅ የሚውልና ሲመሽ የሚወጣ ደቃቅ የአሸዋ ዝንብ ነው። ድምፅ ስለሌለው ሲቀርብ አይሰማም፤ በትልልቅ የአጎበር ቀዳዳም ይገባል። ስለዚህ ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ መረብ ያለውን ድንኳን ይምረጡ፤ ከ11 ሰዓት ጀምሮ እጅጌና ሱሪ ረጅም ይሁን፤ በተጋለጠ ቆዳ ላይ ዲት (DEET) የተባለ ተባይ ማባረሪያ ያለበት ቅባት ይቀቡ። ወለሉ ላይ በጠጥ ካዩ ዋሻው ከብት ያድርበታል ማለት ነው፤ ቁንጫና መዥገር ይጨመርበታል።

ባዛልት መሬት ካስማ አይቀበልም። አራት ባዶ ማዳበሪያ ይዘው ይሂዱና አፈር ሞልተው የድንኳኑን ገመዶች ይሰሩባቸው፤ ድንጋይ ላይ በቀጥታ ከታሰረ ግን ጠርዙ ገመዱን ይቆርጣል። ከሥር ሸራ ይነጠፍ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ 1,000 ሜትር በወጡ ቁጥር 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ 2,700 ሜትር ላይ የሚያድር ሰው ከቤቱ የለመደው ብርድ ልብስ አይበቃውም። ብርዱ የሚገባው ከታች ስለሆነ ካለዎት ሁለት ጋቢ አንዱን ያንጥፉት። ድንኳኑን አስቀድመው በግቢዎ ተክለው ይሞክሩት እንጂ ሣሩ ለመለመ ብለው በጣና ዳር ወይም በዓባይ መውጫ አይሞክሩት፤ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ የሚወጣው በዚያ ነው።

7. መግባትና መውጣት

በሰው ሦስት መብራት ይያዙ፤ አንዱ በግንባር የሚታሰር፣ ሁለቱ መጠባበቂያ። ስልክ ከሦስቱ አይቆጠርም፤ ባትሪው ለመደወያ ይቀመጥ። አገጭ ላይ የሚታሰር የግንባታ ሄልሜት፣ የቆዳ ጓንትና ሶሉ ወፍራም ጫማ ያስፈልጋል፤ ባዛልት ላይ መዳፍ ማስደገፍ መስታወት መደገፍ ነው።

ሦስት ሆነው ይግቡ፣ አንድ ሰው ውጭ ይቅር። የመጀመሪያው ባትሪ አንድ ሦስተኛው ሲያልቅ ይመለሱ። መንገድ በተከፈለ ቁጥር ዞረው ወደ መጡበት ይመልከቱ፤ ዋሻ ሲገቡና ሲወጡ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። ዝቅ ወዳለ ጎድጓዳ ሲወርዱ ትንፋሽ ከፈጠነ ወይም ራስ ከከበደ አየሩ መጥፎ ነው፤ ሳይከራከሩ ይውጡ።

የሌሊት ወፍ ካለ ማስክ ያድርጉ፤ ኩሱ ደርቆ የሚቦን ከሆነ ግን ባይገቡ ይሻላል። በኩሱ የሚያድግ ፈንገስ ሳንባ ያሳምማል። ኬንያ ውስጥ በኤልጎን ተራራ ባለው የኪቱም ዋሻ፣ እሱም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ በ1980 እና በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጎብኚዎች በማርበርግ ቫይረስ መያዛቸው በጥናት የተመዘገበ ነው። ወፏን አይንኩ። ከነከሰች ወይም ከቧጠጠች ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለነገ አይባልም።

8. ተጠሪ

ባሕር ዳር ለሚቀር ሰው በወረቀት ጽፈው ይስጡ፦ የዋሻውን ስምና ቀበሌ፣ የመሪውን ስልክ፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የመመለሻውን ቀንና ሰዓት። ከገደል ሥር ኔትወርክ ስለማይኖር “እደውላለሁ” ማለት ዋጋ የለውም። በምትኩ “እስከ እሑድ ምሽት 2 ሰዓት ካልደወልኩ ለመሪው፣ ከዚያ ለቀበሌው ደውል” ተብሎ ይጻፍ።

ከተመለሱ በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከያዘዎት ለሐኪሙ ዋሻ ገብቼ ነበር ብለው ይንገሩት፤ አለበለዚያ ጣና ዳር ስለሆኑ ሐሳቡ ወደ ወባ ብቻ ይሄዳል። ፊት ወይም እጅ ላይ የማያምምና የማይድን እብጠት ደግሞ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ቁንጭር ሊሆን ስለሚችል በባህል መድኃኒት ሳያቃጥሉት ጤና ጣቢያ ያሳዩት።