የስቶክ ካር የጎዳና ውድድርን ጎንደር ሆኖ እንዴት መከታተል ይቻላል

ፒያሳ አካባቢ ባሉ ካፌዎች የእግር ኳስ ጨዋታ ሲኖር ወንበር አይገኝም፤ ስክሪኑ ላይ የመኪና ውድድር ሲመጣ ግን አብዛኛው ተመልካች ሁለት ግጭት ካየ በኋላ ጣቢያው እንዲቀየርለት ይጠይቃል። ለዚህ ምክንያቱ፣ በእኔ አመለካከት፣ ዓይን የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚናገር ሰው አለመኖሩ ነው። ለምሳሌ የምወስደው ናስካር፣ ማለትም የአሜሪካው የስቶክ ካር (የተራ መኪና መልክ ያላቸው የውድድር መኪኖች) ውድድር አዘጋጅ ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 በየዓመቱ ቺካጎ መሃል ከተማ፣ ግራንት ፓርክ ዙሪያ ያካሄደውን ውድድር ነው።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ማስላት ያስፈልጋል። ውድድሩ ይውል የነበረው በሰኔ ማብቂያ ሲሆን በዚያ ወቅት ቺካጎ ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ በእነርሱ ከቀኑ 7 ሰዓት የተጀመረ ውድድር ለእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያ ዘግይቶ ከተጀመረ ደግሞ እኩለ ሌሊትን ሊሻገር ስለሚችል ካፌው ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ቀጥሎ የመንገዱን ካርታ በወረቀት ላይ መሳል ነው። የአንዱ ዙር ርዝመት 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፋሲል ግቢ አጥር 900 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ግቢውን አራት ጊዜ ለመዞር ጥቂት እንደሚቀረው ማሰብ ይቻላል። መታጠፊያዎቹ 12 ናቸው። ተንታኞቹ የጎዳናውን ስም ትተው ቁጥሩን ብቻ ስለሚጠሩ፣ እያንዳንዱን መታጠፊያ በቁጥር ያልጻፈ ሰው ጨዋታው ይጠፋበታል። 11ኛውን በቀይ ይክበቡት፤ በ2023 መኪኖች ተደራርበው መንገዱን የዘጉት እዚያ ነበር።

ዋናው ነገር ፍሬን ነው። እነዚህ መኪኖች በስምንት ሲሊንደር ሞተር በእነዚያ ዓመታት 670 ያህል የፈረስ ጉልበት ያመነጩ የነበሩ፣ ክብደታቸውም ከ1,400 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወዳደሩት ሞላላ በሆነና ሰፊ ኩርባ ባለው ሜዳ ነው። ከተማ ውስጥ ግን በቀጥታው ጎዳና ያከማቹትን ፍጥነት ጥለው፣ ዳርና ዳሩ በኮንክሪት ግንብ በታጠረ ጠባብ መንገድ፣ አንድ መስቀለኛ ላይ እንደሚታጠፍ ባጃጅ በቀጥተኛ ማዕዘን መታጠፍ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ መሪውን መኪና ብቻ መከተል ይተዉና አንድ መታጠፊያ መርጠው ሁሉም እንዴት እንደሚደርሱበት ይመልከቱ። ቀድሞ ፍሬን የያዘው ቦታ ይለቃል፤ የዘገየው የፊት ጎማው ተቆልፎ ጭስ ያወጣል፣ አልፎም ግንቡን ይልሳል።

የሾፌሩ እግር በካሜራ ሲታይ ንግግር ያቁሙ። በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው ሊግ ተወዳድሮ ያሸነፈው የኒውዚላንዱ ሼን ቫን ጊስበርገን ፍሬን የሚይዘው በቀኝ እግሩ ነው፤ በዚያው እግር ነዳጁን እየነካ፣ በግራው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ይቀንሳል። ሌሎቹ አብዛኞቹ በግራ እግራቸው ፍሬን ይይዛሉ። ሊማሊሞን በከባድ መኪና የወረደ ሾፌር ማርሽ መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ መቀመጥ ከተንታኙ ንግግር የበለጠ ይጠቅማል።

ቢጫ ባንዲራ ሲወጣ ሁሉም ይቀዘቅዛሉ፣ መቅደምም ይከለከላል። ያን ጊዜ ጎማ ለመቀየርና ነዳጅ ለመሙላት ማን ወደ ፒት እንደገባ፣ ማንስ ሜዳ ላይ እንደቀረ በወረቀቱ ጥግ ይመዝግቡ። በ2023 ውድድሩ 100 ዙር እንዲሆን ታቅዶ ሳለ፣ ዝናብ ስላዘገየውና ጨለማ ስለቀረበ ወደ 75 ዙር እንዲያጥር በመሃል ተወሰነ። ሒሳባቸውን በ100 ዙር ሠርተው ፒት የገቡት ወደ ኋላ ቀሩ፤ ቫን ጊስበርገንም ከእነርሱ ጋር 18ኛ ሆኖ ነበር፣ ግን አንድ በአንድ እያለፈ በተጨማሪ ዙር፣ በ78ኛው አሸነፈ። ፒት የገቡትን ያልመዘገበ ተመልካች ይህን እንደ ተአምር ነው የሚያየው።

ሰኔ ለእኛም ክረምት ስለሆነ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ስልክዎን ቀደም ብለው ቻርጅ ያድርጉ፤ መብራቱ ሲመለስም መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንተኛ ዙር ላይ እንደደረሱ፣ ቀጥሎም በመሃል ቢጫ ባንዲራ መውጣት አለመውጣቱ ነው።