የአውሮፓ የበጋ ዕረፍት፦ መድረሻዎን እንዴት ይመርጣሉ?

አብዛኛው ሰው ዕረፍቱን ማቀድ የሚጀምረው ከአገር ስም ነው። አንዱ «ግሪክ» ይላል፣ ሌላው «ጣሊያን» ይላል፣ ቀኑና ቪዛው ኋላ ይመጣሉ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ሊለውጧቸው የማይችሏቸውን ነገሮች ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ የካርታውን ግማሽ እነሱ ይሰርዙልዎታል።

እዚህ በጋ የምንለው የአውሮፓውን ነው፤ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ያለውን። የኛ ክረምት፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ፣ የሚውለው በዚሁ ውስጥ ነው።

1. ቀኑን ይቁረጡ

ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ቤተሰብ ያለው ጊዜ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን ነው። ሁለቱ ወራት ግን እኩል አይደሉም። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት 20 ገደማ ፈረንሳዩም ጣሊያኑም ስፔኑም ዕረፍት ላይ ነው። በጣሊያን ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚባል በዓል አለ፤ በዚያ ሰሞን ከተማ ውስጥ ብዙ የቤተሰብ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ይዘጋሉ፣ የባሕር ዳርቻው ደግሞ ይጨናነቃል። በግሪክም ያው ቀን የእመቤታችን በዓል ስለሆነ ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱ መርከቦች ሞልተው ነው የሚነሱት። በተለይ ወደ ቲኖስ፣ ተሳላሚው ከየአገሩ ስለሚጎርፍ፣ በዋዜማው ቲኬት አገኛለሁ ብሎ መሄድ አይሆንም።

ምርጡ ጊዜ ከነሐሴ 20 እስከ ጳጉሜን 5፣ ማለትም ከኦገስት 26 እስከ ሴፕቴምበር 10 ነው። ባሕር ቀስ ብሎ ሞቆ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ውኃው ያኔም ሞቃት ነው፤ የመኝታ ዋጋ ደግሞ ወርዷል። ስዊድን ወይም ስኮትላንድ የሚኖሩ ግን ይህን መጠቀም አይችሉም፤ ልጆቻቸው ኦገስት አጋማሽ ላይ ትምህርት ይጀምራሉ። ለእነሱ የሚሻለው የጁን መጨረሻ ነው፤ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት ጁላይ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ሕዝቡ ገና አልወጣም።

ፍልሰታን የሚጾሙ ከሆነ (ነሐሴ 1 እስከ 15) ይህም ከምርጫው ይገባል። ግሪክና ቆጵሮስ ይቀላሉ፤ የእነሱም ቤተ ክርስቲያን ከኦገስት 1 እስከ 14 ትጾማለች። «ኒስቲሲሞ» ማለት ለጾም የሚሆን ማለት ነው፤ ቃሉን ሲናገሩ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል። ጊጋንቴስ (በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ቦሎቄ)፣ ፋቫ (የአተር ክክ)፣ በሩዝ የተሞላ ቲማቲም ከየምግብ ቤቱ አይጠፉም። ሁለት ነገር ግን ያጣሩ፦ የተሞላው ቲማቲም አንዳንዴ የተፈጨ ሥጋ አለው፤ ግሪኮች ደግሞ በጾም ኦክቶፐስና ካላማሪ ይበላሉ፣ ስለዚህ «የጾም» ተብሎ ሊቀርብልዎ ይችላል።

2. ቪዛው የት ያደርስዎታል?

ዕቅድ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ጊዜው። የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት በአፕሪል 2024 ባወጣው ውሳኔ ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ቀጠሮ ለማግኘት የሚጠብቁት ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ሐምሌ 8 (ጁላይ 15) ለመነሣት ማመልከቻው ከጥር 7 ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ካልገባ ግን ጊዜው ያጥራል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች አይከፈልም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ፓስፖርቱ ደግሞ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት።

የሚያመለክቱት ብዙ ሌሊት ለሚያድሩበት ወይም የጉዞዎ ዋና ዓላማ ላለበት አገር ነው፤ ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገቡበት። ቀጠሮ ቶሎ የሚሰጥ ኤምባሲ ፈልጎ ማመልከትና ሌላ አገር ሄዶ መሰንበት የተለመደ አቋራጭ ነው፤ አይሞክሩት። የመኝታ ቦታዎቹ ከማመልከቻው ጋር ካልተጣጣሙ ድንበር ላይ ጥያቄ ያስነሳል፣ የሚቀጥለውንም ማመልከቻ ያበላሻል።

አሁን ዋናው። ያው የ2024 ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አቁሟል። ስለዚህ የሚያገኙት ሲንግል ኢንትሪ ነው፦ አንዴ ከሸንገን ከወጡ፣ ቀን ቢቀርዎትም፣ ተመልሰው መግባት አይችሉም። ይህን በልብዎ ይዘው ካርታውን ይመልከቱ። ሸንገን ውስጥ 29 አገሮች አሉ፤ ክሮኤሺያ በ2023 ገብታለች፣ ቡልጋሪያና ሮማኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በየብስም ሙሉ አባል ሆነዋል። ውጭ ካሉት መካከል ደግሞ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ቆጵሮስ፣ አልባኒያ፣ ሞንቴኔግሮ፣ ቦስኒያ፣ ሰርቢያና ቱርክ ናቸው። ከጾም አንጻር ያነሣናት ቆጵሮስም ለብቻዋ ቪዛ እንደምትጠይቅ ልብ ይበሉ።

ወጥመዱ የአንድ ቀን ሽርሽር መስሎ ይመጣል። የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ ያረፈ ሰው ሆቴሉ በር ላይ የኮቶርና የሞስታር ጉብኝት ማስታወቂያ ያያል፤ ኮቶር ሞንቴኔግሮ፣ ሞስታር ቦስኒያ ውስጥ ናቸው። ከግሪኳ ኮርፉ ደሴት ወደ ሳራንዳ ፈጣን ጀልባ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያደርሳል፤ ሳራንዳ ግን አልባኒያ ነው። ከግሪክ ደሴቶቹ ከሮድስና ከኮስ ወደ ቱርክ ዳርቻ የሚወስዱትም እንደዚሁ ናቸው። ቲኬት ሻጩ የሰዎቹን ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ከተጓዦቹ አብዛኞቹ አውሮፓውያን ስለሆኑ ጉዳዩ ትዝም አይለው። ማታ ሲመለሱ ሆቴሉ፣ ሻንጣውና የመመለሻ ቲኬቱ ድንበሩን ተሻግረው ይቀራሉ።

ሁለት ድብቅ መውጫዎች ደግሞ አሉ። ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ የሚወስደው የድሮው መንገድ በኔዩም በኩል የቦስኒያን መሬት ያቋርጣል። በጁላይ 2022 የተከፈተው የፔልዬሻትስ ድልድይ ይህን ያስቀራል፤ አውቶቡስ ሲቆርጡ «በድልድዩ ነው የሚሄደው?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው የአውሮፕላን ነው፦ ከሮም ወደ አቴንስ ርካሽ ቲኬት ሲፈልጉ በኢስታንቡል ወይም በቤልግሬድ የሚያልፍ ሊመጣልዎ ይችላል። እሱም ከሸንገን መውጣት ነው።

የሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ኢትዮጵያውያን በፈቃዱና በፓስፖርታቸው በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ይችላሉ። የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ፈቃድ ግን ሸንገን አያስገባም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚያመለክቱ ኢቃማቸው (የመኖሪያ ፈቃዳቸው) ከመመለሻቸው ቀን በኋላም የሚሠራ መሆኑን ቀድመው ይዩ።

3. ሙቀቱና ባሕሩ

የአዲስ አበባ ሰው የቀን ፀሐይ አይከብደውም፤ የሚከብደው ሲመሽ የማይበርድ ሙቀት ነው። በጁላይ ሴቪያ (ደቡብ ስፔን) የቀኑ አማካይ ከፍታ 36 ዲግሪ፣ አቴንስ 33 ወይም 34 ነው፣ ሌሊቱም ብዙ አይወርድም። በ2023 እና በ2024 የሙቀት ማዕበል ጊዜ የአቴንሱ ጥንታዊ ቦታ አክሮፖሊስ በቀትር ለሰዓታት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ለጁላይና ለኦገስት መጀመሪያ ደቡብ ስፔንን፣ ሮምንና አቴንስን እንደ ዋና መድረሻ አንመክርም። ቀኑ የማይነቃነቅ ከሆነ ወደ ሰሜን ስፔን (ሳንታንደር፣ ሳን ሴባስቲያን)፣ ወደ ስሎቬኒያ ሐይቆች ወይም ወደ ኖርዌይ ያዙሩት። ኤር ኮንዲሽነር ደቡብ ላይ የተለመደ ነው፤ በቪየና፣ በበርሊንና በፓሪስ ግን ብዙ አፓርታማዎች የላቸውም። ክፍሉ ጣሪያ ሥር ከሆነ ሙቀቱ እጥፍ ይሆንብዎታል።

ባሕሩን ሲመርጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ውኃው ምን ያህል ይሞቃል፣ መሬቱ አሸዋ ነው ወይስ ጠጠር፣ ነፋሱስ? የፖርቱጋል ምዕራብ ዳርቻ ፎቶው ያማልላል፤ ውኃው ግን በኦገስትም 18 ወይም 19 ዲግሪ ነው፣ ማዕበሉም ኃይለኛ ነው። የክሮኤሺያ ባሕር ሞቃትና ጥርት ያለ ነው፤ ዳርቻው ግን በአብዛኛው ጠጠርና አለት፣ ቶሎም የሚጠልቅ ነው። ዋና ለማይችል ሰውና ለትንንሽ ልጆች አይመችም፤ ኒን የምትባለው ከተማና በራብ ደሴት ላይ ያለችው ሎፓር ከዚህ ይለያሉ፣ አሸዋማና ጥልቀት የሌላቸው ናቸው። የቡልጋሪያ ጥቁር ባሕር ዳርቻ አሸዋማ ነው፣ ዋጋውም ከግሪክ ይቀንሳል።

በግሪክና በቱርክ መካከል ባለው በኤጂያን ባሕር በጁላይና በኦገስት ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል። ሲበረታ መርከቦች እንዳይነሱ ይከለከላል። ስለዚህ ወደ ቤት የሚመልስዎት አውሮፕላን ከአቴንስ የሚነሳ ከሆነ የመጨረሻውን ሌሊት ደሴት ላይ አይደሩ። ነፋሱን ጨርሶ የማይፈልግ ሰው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዮኒያ ደሴቶች ይሂድ፤ ሌፍካዳ በመኪና መንገድ ከየብሱ ጋር ስለተያያዘች መርከብ መጠበቅ እንኳ የለም።

4. ዋጋውን በሌሊት ያካፍሉ

የአውሮፕላን ቲኬት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ቲኬት፣ ሻንጣ፣ ከኤርፖርት ወደ ከተማ፣ መርከብ፣ መኝታና የከተማ ቀረጥ ደምረው በሌሊቶቹ ብዛት ያካፍሉ፤ አገሮችን ማወዳደር የሚቻለው በዚያ ቁጥር ነው።

ርካሽ አየር መንገዶች «ፓሪስ» የሚሉት ቦቬ ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ «ስቶክሆልም» የተባለው ስካቭስታ 100፣ ለሙኒክ የሚሸጠው ሜሚንገን 110፣ «ፍራንክፈርት» የተባለው ሃን 120 ገደማ። አራት ሰው ሆነው ደርሶ መልስ አውቶቡስ ሲከፍሉ ርካሹ ቲኬት ርካሽነቱ ያበቃል። ቀረጡም ቀላል አይደለም፦ አምስተርዳም ከ2024 ጀምሮ የክፍሉን ዋጋ 12.5 በመቶ ትወስዳለች፤ ቬኒስ ሳያድሩ ለሚጎበኟት በተወሰኑ ቀናት የመግቢያ ክፍያ ታስከፍላለች። መኪና ለመከራየት ካሰቡ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይዘው ይምጡ፤ ብዙ አከራዮች በሾፌሩ ስም የተሰጠ ክሬዲት ካርድ ስለሚጠይቁ የባንክ ዴቢት ካርድ ላያዋጣ ይችላል።

ወጥ ቤት ያለው ክፍል ለቤተሰብ ከማንኛውም ቅናሽ ይበልጣል፤ ሐላል ሥጋ የሚፈልጉም ሆነ የሚጾሙ ገዝተው ራሳቸው ያበስላሉ።

5. ማረፊያውን ያሳንሱ

በ10 ሌሊት ከሁለት ቦታ በላይ አያድርጉት። እያንዳንዱ ለውጥ ግማሽ ቀን ይበላል፦ ከክፍል መውጫው ረፋድ ላይ ነው፣ አዲሱ ክፍል ግን ከሰዓት በኋላ ነው የሚከፈተው፣ በመካከሉ ሻንጣ ይዞ ፀሐይ ላይ መቆም አለ።

6. ሦስት ዕጩ ይዘው ይወስኑ

ምሳሌ እንውሰድ፦ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ 10 ሌሊት፣ ከነሐሴ 20 ጀምሮ። ዕጩዎቹ ናክሶስ (ግሪክ)፣ ሮቪን (ክሮኤሺያ) እና ብሌድ (ስሎቬኒያ) ናቸው። ሦስቱም ሸንገን ውስጥ ስለሆኑ ቪዛው አይለያቸውም። ሮቪን ውብ ናት፤ ዳርቻዋ ግን አለት ነው፣ ያለ መኪናም ያስቸግራል፤ ከልጆቹ አንጻር ትወጣለች። ብሌድ ቀዝቀዝ ያለች ናት፤ ሐይቁን የሚዞረው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ደልዳላ ስለሆነ አያቶች አብረው ቢጓዙ እሷን እንመርጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ነጎድጓዳማ ዝናብ የተለመደ ነው፤ ልጆቹም የሚጠብቁት ባሕር ነው። ናክሶስ ከተማው አጠገብ ያለው አጊዮስ ጊዮርጊዮስ ዳርቻ አሸዋማና ጥልቀት የሌለው ነው፣ በእግር ይደረሳል። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ በትልቁ መርከብ ከ5 ሰዓት በላይ ይወስዳል። እንግዲህ አንድ ሌሊት አቴንስ፣ ሰባት ናክሶስ፣ ሁለት አቴንስ፤ ሁሉም ግሪክ ስለሆነ ማመልከቻው ለግሪክ ይሆናል።

አካላዊ ሁኔታንም አይርሱ፦ ቬኒስ በድልድይ ደረጃ፣ የዱብሮቭኒክ አሮጌ ከተማና ሳንቶሪኒ በደረጃ የተሞሉ ናቸው። የልጅ ጋሪ የሚገፋና ጉልበቱን የሚያመው ሰው እዚያ ይሰቃያል።

ከወሰኑ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በነጻ የሚሰረዝ መኝታ፣ ያልተከፈለ የበረራ ሪዘርቬሽን፣ ቪዛ፣ ከዚያ የተከፈለ ቲኬት፣ በመጨረሻ መርከብ። መኝታውን ሲይዙ ነጻ ስረዛው የሚያበቃበትን ቀን ይዩ፤ ማመልከቻ ካስገቡበት ቀን ተነስተው 45 ቀን ይቁጠሩና ስረዛው ከዚያ በኋላ የሚያበቃ ካልሆነ ሌላ ክፍል ይፈልጉ።