ከጀርባ የሚሠራውን የክላውድ ሲንክ ፕሮግራም ማወቅና መቆጣጠር

የኮምፒውተሩ ፋን ሲጮህ ወይም ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው ታስክ ማናጀር (እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ ይገባና ዋንድራይቭን፣ ድሮፕቦክስን ወይም ጉግል ድራይቭን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ፋይሎች ከኢንተርኔት ማከማቻ (ክላውድ) ጋር የሚያመሳስለውን (ሲንክ የሚያደርገውን) ፕሮግራም፣ «ኤንድ ታስክ» ብሎ ይዘጋዋል። ለጊዜው ይገላግላል። ነገር ግን ፕሮግራሙ ተመልሶ ሲነሳ የቱ ፋይል እንደተላከና የቱ በመንገድ እንደቀረ ለማወቅ እንደገና ፍተሻ ስለሚጀምር ጫናው ተመልሶ ይመጣል። ከመዝጋቱ በፊት ምን እየሠራ እንደሆነ ማየት ይሻላል።

ሥራው በአጭሩ ይህ ነው። ፕሮግራሙ ስለ እያንዳንዱ ፋይል መጠን፣ ቀንና የይዘት አሻራ (ይዘቱ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ አጭር መለያ) የያዘ የራሱ መዝገብ አለው። ሲነሳ መዝገቡን ዲስኩ ላይ ካለው ጋር ያመሳክራል፤ ከዚያ በኋላ ፋይል በተለወጠ ቁጥር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ስለሚነግረው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ለጥቂት ደቂቃ ቢያስቸግር ጤናማ ነው። ሰዓታት ካለፉ በኋላም ያው ከሆነ ግን የያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

ለማየት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። የድሮፕቦክስም ሆነ የጉግል ድራይቭ ስም ሦስት አራት ቦታ ቢታይ አይደንግጡ፤ ሥራውን ከፋፍለው የሚሠሩ የአንድ ፕሮግራም ክፍሎች ናቸው። ዓይንዎን የሲፒዩ (የኮምፒውተሩ ማስሊያ ክፍል)፣ የዲስክና የኔትወርክ ዓምዶች ላይ ያድርጉ። ኔትወርኩ ከፍ ብሎ ሲፒዩው ዝቅ ካለ ፋይል እየላከ ወይም እያወረደ ነው። ዲስኩና ሲፒዩው ከፍ ብለው ኔትወርኩ ዜሮ አካባቢ ከሆነ እየፈተሸ ነው፤ አሥር ሺህ ፎቶ አንድ ጊዜ ካስገቡ ይህ ረጅም ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሦስተኛው ዓይነት ነው ችግሩ፦ ሲፒዩው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ኔትወርኩ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ እንዲህ እያለ ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል። ይህ አንዱን ፋይል ደጋግሞ ሞክሮ ያቃተው ፕሮግራም ምልክት ነው።

የትኛው ፋይል እንደሆነ ራሱ ይነግርዎታል። ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የፕሮግራሙን ምልክት (የዋንድራይቭ ደመና ነው) ይጫኑ፤ ካልታየ ወደ ላይ የምታመለክተው ቀስት ውስጥ ተደብቋል። በሚከፈተው ዝርዝር ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆዩና ተመላልሶ የሚመጣውን ስም ይያዙ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹ የታወቁ ናቸው፦ በየሰከንዱ የሚለወጥ የዳታቤዝ ፋይል፣ የአውትሉክ ኢሜይል ማከማቻ፣ የቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ዲስክ፣ ወይም በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ያሉት የፕሮግራመር ፎልደር። እነዚህን ከሲንክ ፎልደሩ ማውጣት እንጂ ሌላ መድኃኒት የላቸውም። ግን ሲያወጡ የሚጠቀምባቸውን ፕሮግራም መጀመሪያ ይዝጉ። አንድን ፎልደር ሁለት የሲንክ ፕሮግራሞች እንዲጠብቁት ማድረግም እንዲሁ ነው፤ አንዱ የለወጠውን ሌላው እንደ አዲስ ለውጥ እያየ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባሉ።

የፋይል ስምም ያግዳል። ዋንድራይቭ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ ጥንድ የጥቅስ ምልክት፣ ሁለት ነጥብ የመሰለው የእንግሊዝኛ ምልክትና ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያዘነበለ ሰረዝ ያለበትን ስም አይቀበልም። በስም መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ የቀረ ባዶ ቦታም ያስቸግራል፤ ይሄኛው በዓይን ስለማይታይ ሰው ብዙ ይደክምበታል። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየተደራረበ የመንገዱ ርዝመት ከ400 ፊደል ካለፈም አይላክም። የአንድ ፋይል ጣሪያ 250 ጊጋባይት ነው። ማይክሮሶፍት ሲንክ የሚደረጉት ፋይሎች በጠቅላላው ከ300,000 ባይበልጡ ይመክራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ፕሮግራሙ ይከብዳል።

ችግሩ ኢንተርኔቱ ላይ ከሆነ መገደብ ያለበት አፕሎዱ (ወደ ክላውድ መላኩ) ነው። የመላኪያው መስመር ሙሉ በሙሉ ሲያዝ ለሚወርደው ዳታ «ደርሷል» የሚሉት ትንንሽ መልሶች ወረፋ ይይዛሉ፤ ስለዚህ ዳውንሎዱም፣ የቪዲዮ ጥሪውም አብሮ ይወድቃል። በዋንድራይቭ ሴቲንግስ ውስጥ «ሲንክ ኤንድ ባክአፕ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ይግቡና የአፕሎድ ገደቡን ያብሩ። ቁጥሩ የሚሞላው በኪሎባይት በሰከንድ ሲሆን የፍጥነት መለኪያዎች የሚያሳዩት ግን በሜጋቢት ነው፤ 1 ሜጋቢት 125 ኪሎባይት ነው። መስመሩ 4 ሜጋቢት የሚልክ ከሆነ 500 ኪሎባይት ማለት ነው፣ 350 ቢሞሉ ለሌላው ሥራ በቂ ቦታ ይተርፋል። ለአንድ ስብሰባ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ከደመናው ምልክት «ፖዝ ሲንኪንግ» ብለው 2፣ 8 ወይም 24 ሰዓት ይምረጡ። ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ ይቀጥላል፤ ለዚህ ነው ከኤንድ ታስክ የሚሻለው።

ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ እንዳይነሳ በታስክ ማናጀር «ስታርትአፕ አፕስ» ሥር ማጥፋት ይቻላል። ቀላል ነው፣ ግን አይመከርም። ሰው ማጥፋቱን ይረሳና ሥራው ሁሉ ክላውድ ላይ ያለ እየመሰለው ወራት ያልፋሉ።

በዋንድራይቭ ዲስክ ለማስለቀቅ ሲፈልጉ ደግሞ «ፍሪ አፕ ስፔስ» እና «ዲሊት» እንዳይምታቱብዎት። የመጀመሪያው ፋይሉን ክላውድ ላይ ትቶ ከዲስኩ ብቻ ያነሳዋል፤ ምልክቱም ሰማያዊ ደመና ይሆናል። ሁለተኛው ከክላውዱም፣ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮችዎም ያጠፋዋል። በግል አካውንት የጠፋው ፋይል በዌብሳይቱ ሪሳይክል ቢን ውስጥ 30 ቀን ይቆያል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተጣበቀ የመጨረሻው እርምጃ «አንሊንክ ዚስ ፒሲ» ነው። ይህ ዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል አይሰርዝም፣ ግንኙነቱን ብቻ ይበጥሳል። ሰማያዊ ደመና ያለባቸው ግን መጀመሪያም ዲስኩ ላይ ስላልነበሩ ተመልሰው እስኪገናኙ ድረስ አይከፈቱም። እንደገና ሲገቡ ፎልደሩ ቀድሞ እንዳለ ይጠይቅዎታል፤ ያንኑ ነባሩን ይምረጡ። አዲስ ቦታ ከመረጡ ፋይሎቹን ከዜሮ ሊያወርድ፣ ዲስኩም በእጥፍ ሊያዝ ይችላል። አገናኝቶ ሲጨርስ ፍተሻው ስለሚጀምር ጊዜ ይስጡት። ከዚያ አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ፈጥረው በብራውዘር ዌብሳይቱ ላይ ይፈልጓት፤ እዚያ ከታየች መስመሩ ተከፍቷል።