የመረጡት ፎቶ ከአፑ ውስጥ ሲጠፋ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በፍላተር (ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ መሥሪያ) አፕ እየሠራችሁ ነው፤ ተጠቃሚው በኢሜጅ ፒከር (የፎቶ መምረጫ ፓኬጅ) ከጋለሪ የፕሮፋይል ፎቶ ይመርጣል፣ እናንተ ታስቀምጡለታላችሁ፣ ታሳዩታላችሁ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከአፕ ተጠቃሚዎች ቅሬታ የማይጠፋበት ቦታ ይሄ ነው። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ስልኩ የሰጠን የፎቶውን ፓዝ (ፋይሉ ያለበትን አድራሻ) ብቻ ሆኖ ሳለ ፎቶውን ራሱን የያዝን ስለሚመስለን ነው። በኮትሊን (ለአንድሮይድ) ወይም በስዊፍት (ለአይፎን) ብትሠሩም መንስኤው ያው ነው።

ምልክት፦ ፎቶው ሲመረጥ ይታያል፣ ከቀናት በኋላ ባዶ ክብ ብቻ ይቀራል

ሎጉን (አፑ ስህተቶቹን የሚጽፍበትን መዝገብ) ክፈቱ። «ፓዝ ኖት ፋውንድ» የሚል ስህተት ካለ፣ አጠገቡ ያለውን ረጅም ፓዝ እስከ መጨረሻው አንብቡት። መሃሉ ላይ «ካሽ» (የጊዜያዊ ፋይሎች ማስቀመጫ) የሚል ፎልደር ካያችሁ ነገሩ አለቀ፣ መንስኤውን አግኝታችኋል።

ኢሜጅ ፒከር አንድሮይድ ላይ የተመረጠውን ፎቶ ወደ አፑ ካሽ ይገለብጥና የቅጂውን ፓዝ ይሰጣችኋል። አይፎን ላይ ደግሞ ቅጂው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ቦታዎች ሲስተሙ ሲፈልግ የሚያጸዳቸው ናቸው፤ ስልኩ ሲሞላ የመጀመሪያው ተጠቂ ካሽ ነው። እናንተ ያን ፓዝ ሼርድ ፕሪፈረንስስ (አፑ ትንንሽ መረጃዎችን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ አስቀምጣችሁ ከሆነ፣ ፓዙ ይኖራል፣ ፋይሉ ግን የለም። ችግሩ በእናንተ ስልክ የማይታየው ስልኩ ብዙ ባዶ ቦታ ስላለው ነው። ለማረጋገጥ ቀናት መጠበቅ አያስፈልግም፦ አንድሮይድ ላይ ወደ ሴቲንግ ገብታችሁ ከአፑ ስቶሬጅ ላይ «ክሊር ካሽ» በሉና አፑን እንደገና ክፈቱት።

መፍትሄው ፎቶው እንደተመረጠ ወዲያው መገልበጥ ነው። በፓዝ ፕሮቫይደር (የፎልደሮችን አድራሻ በሚሰጥ ፓኬጅ) የአፑን ዶክመንትስ ፎልደር አግኙ፣ ፋይሉን እዚያ ቅዱት፣ ከዚያ ስሙን አስቀምጡ። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ኮፒ የሚያደርገው መስመር ላይ «አዌይት» (ሥራው እስኪያልቅ ጠብቅ የሚለው ቃል) ከተረሳ ስሙ ይመዘገባል፣ ፋይሉ ግን ገና አልደረሰም።

በኮትሊን ለምትሠሩ፦ ፒከሩ የሚሰጣችሁ ዩአርአይ (ወደ ፎቶው የሚጠቁም አድራሻ) ላይ ያለው የማንበብ ፈቃድ ጊዜያዊ ነው፣ አፑ ሲቆም ወይም ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ያበቃል። ፈቃዱን ቋሚ የሚያደርግ ጥሪ አለ፤ ነገር ግን ተጠቃሚው ፎቶውን ከጋለሪ ካጠፋው ፈቃዱ ምንም አይፈይድም። ለፕሮፋይል ፎቶ እኔ መገልበጡን እመርጣለሁ።

ምልክት፦ አይፎን ላይ ብቻ፣ አፑ አፕዴት ሲደረግ ፎቶው ይጠፋል

ይሄኛው ያናድዳል፣ ምክንያቱም ፋይሉ በትክክል ዶክመንትስ ውስጥ ተቀምጧል። ችግሩ የፎልደሩ ፓዝ ውስጥ ያለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ኮድ አፕዴት ሲደረግ ሊቀየር መቻሉ ነው። ሙሉውን ፓዝ ያስቀመጠ ሰው አሮጌ አድራሻ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የሚቀመጠው የፋይሉ ስም ብቻ ነው፤ ዶክመንትስ ፎልደሩን አፑ በተከፈተ ቁጥር ጠይቁና ስሙን ቀጥሉበት። ቀድሞ ሙሉ ፓዝ የተመዘገበላቸው ተጠቃሚዎች ካሉ ከመጨረሻው ስላሽ በኋላ ያለውን ብቻ ቆርጣችሁ ከአዲሱ ፎልደር ጋር አገናኙት። ፎቷቸው ይመለሳል፣ እንደገና ምረጡ ማለት አይጠበቅባችሁም።

ምልክት፦ አዲስ ፎቶ ተመርጦ የድሮው ይታያል

ፋይሉን ሁልጊዜ በአንድ ስም እየተካችሁ ነው። ፍላተር ፎቶን ሜሞሪ ውስጥ የሚይዘው በፓዙ ነው፤ ፓዙ ካልተለወጠ ፎቶው እንደተለወጠ አያውቅም። ስሙ ላይ ሰዓቱን ጨምሩና የድሮውን ፋይል አጥፉት።

ምልክት፦ በካሜራ አንስቶ ሲመለስ ፎቶው የለም፣ አፑም ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል

ራማቸው ትንሽ በሆኑ አንድሮይድ ስልኮች ካሜራው ሲከፈት ሲስተሙ የእናንተን አፕ ይዘጋዋል። የተነሳው ፎቶ ግን አልጠፋም፤ አፑ ሲነሳ ኢሜጅ ፒከር ላይ «ሪትሪቭ ሎስት ዳታ» የሚለውን ፈንክሽን ጥሩ። በራሳችሁ ስልክ ለመሞከር ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ «ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ» የሚለውን አብሩት። መልሳችሁ ማጥፋት እንዳትረሱ፣ አለዚያ ስልኩ ላይ ያለው አፕ ሁሉ የተበላሸ ይመስላችኋል።

ምልክት፦ ፎቶ ሲበዛ አፑ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ይዘጋል

ስሌቱን እዩት። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚያዝ ሜሞሪ ውስጥ 48 ሚሊዮን ባይት ይወስዳል። ፋይሉ 3 ሜጋባይት መሆኑ እዚህ ጋ አይጠቅምም። ይህ ሁሉ ለአንዲት የአውራ ጣት ጥፍር ለምታክል ክብ! ሲመረጥ «ማክስ ዊድዝ» (ከፍተኛውን ስፋት) 1080፣ ጥራቱንም 80 አድርጉ፤ ሲታይ ደግሞ «ካሽ ዊድዝ» (ሜሞሪ ውስጥ የሚያዝበትን ስፋት) ስጡት።

ብዙዎቻችን አፓችንን የምንሞክረው ከቴሌግራም ባወረድነው ፎቶ ነው፣ ቴሌግራም ደግሞ አስቀድሞ አሳንሶታል። በራሱ በስልኩ ካሜራ በተነሳ ፎቶ ሞክሩ።

ፎቶውን ወደ ቤዝ 64 (ፋይልን በጽሑፍ ፊደላት መጻፊያ መንገድ) ቀይሮ ኤስኪውላይት (ስልኩ ላይ ያለ ዳታቤዝ) ውስጥ መክተትም የተለመደ ነው። መጠኑን በሲሶ ይጨምረዋል፤ አንድሮይድ ላይ ደግሞ አንድ ረድፍ ወደ 2 ሜጋባይት ሲጠጋ ማንበቡ ራሱ ስህተት ያመጣል። ዳታቤዝ ውስጥ ስሙ ይበቃል።

ምልክት፦ ስልኩ ላይ ይታያል፣ ሰርቨር ላይ ግን አይደርስም ወይም ተጋድሞ ይታያል

የሰርቨሩ መልስ 413 (የተላከው ከገደቡ በላይ ነው ማለት ነው) ከሆነ ጥፋቱ የአፑ ኮድ አይደለም። ኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር) ሴቲንጉ ካልተነካ በቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፣ ፒኤችፒም በ2 ሜጋባይት ያቆማል። ገደቡን ከፍ ከማድረግ በፊት ግን ፎቶውን ስልኩ ላይ አሳንሱት፤ የሞባይል ዳታውን የሚከፍለው ተጠቃሚው ነው።

ተጋድሞ ከታየ ካሜራው አቅጣጫውን የጻፈው ኤግዚፍ (ከፎቶው ጋር ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥ መረጃ) ውስጥ ነው፣ ሰርቨሩ ፎቶውን ሲያሳንስ ያን መረጃ ጥሎታል። በፓይተን ፒሎው (የፎቶ ማቀናበሪያ ላይብረሪ) የምትጠቀሙ ከሆነ ከማሳነሱ በፊት «ኤግዚፍ ትራንስፖዝ»ን ጥሩ። ቀድሞ ተጋድሞ የተቀመጠውን ግን ኮዱ አያቃናውም፤ ዋናው ፋይል ካልተያዘ ተጠቃሚው እንደገና መላክ አለበት።