የመንዝን በግ በፉጨት መጥራት እንዴት ይለመዳል?

ፉጨቱ ይቀድማል፣ ገብሱ ይከተላል። ጠዋት መንጋው ከጉረኖ ሳይወጣ፣ ሆዱ ባዶ እያለ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፉጨት ያፏጩ፤ በ1 ወይም በ2 ሰከንድ ውስጥ ለእያንዳንዱ በግ ግማሽ እፍኝ ገብስ ይስጡ። አይጨምሩ፤ ገብስ ሲበዛ ሆድ ይነፋል።

በጎቹ ገብሱን አይተው መሮጥ ከጀመሩ በኋላ ማፏጨት ከንቱ ድካም ነው፤ ድምፁ ምንም አላበሰረማ! የሩሲያዊው ሳይንቲስት የኢቫን ፓቭሎቭ ውሾችም በሙከራው ድምፅ ብቻ ሲሰሙ ምራቃቸውን ያዝረከረኩት ድምፁ ከምግቡ እየቀደመ ስለተሰማቸው ነው።

ገብስ ሳያዩ ጆሯቸውን አቁመው ከዞሩ ለምደዋል። ከዚያ ወዲያ አልፎ አልፎ መስጠት ይበቃል። ባዶ እጅዎን ደጋግመው ከጠሩ ግን ፉጨቱን ችላ ይሉታል፤ ያኔ ገብሱን ይመልሱ፣ ከመጀመሪያው ፈጥነው ይለምዳሉ።

የክትባት ዕለት በጭራሽ አያፏጩ፤ ፉጨቱ ከመርፌው ጋር ከተያያዘ ሲሰሙት ይሸሻሉ።