የዮሃን ፋን ሁልስትን ሕይወት እንዴት እንጽፋለን?

የዮሃን ፋን ሁልስትን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዕሩን የሚያሟሸው በሦስት ነገሮች ነው፤ 107 ዓመት መኖራቸውን፣ የኔዘርላንድስ ሴናተር መሆናቸውንና 600 የአይሁድ ሕፃናትን ማዳናቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይደረድራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንዳሉ ሊጻፉ ይችላሉ። ሦስተኛው ግን እንዲህ ተነጥሎ ሲቀመጥ የሌሎችን ድርሻ ስለሚውጥ ጽሑፉን ከመነሻው ያጣምመዋል። ይህ መምሪያ ለተማሪዎች ወይም ለመጽሔት አንባቢዎች አጭር የሕይወት ታሪክ ለማዘጋጀት ላሰበ ሰው የተጻፈ ሲሆን፣ ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመው አንድ ወረቀት ወስደው መንገዱን ይሳሉ። የአምስተርዳሙ ፕላንታጅ ሚደንላን ጎዳና በአንድ ወገኑ ሆላንድሼ ስካውቡርግ የተባለው ቲያትር ቤት አለበት፤ በማዶው ደግሞ የሕፃናት ማቆያው፣ ከማቆያው አጠገብ ፋን ሁልስት የሚመሩት የተሐድሶ (የፕሮቴስታንት) ቤተ ክርስቲያን የመምህራን ማሠልጠኛ ይገኙ ነበር። በመካከል ትራም ያልፋል። የጀርመን ወራሪዎች ከ1942 አጋማሽ ጀምረው ቲያትር ቤቱን የአይሁድ ማጎሪያ ስላደረጉት፣ ከ46,000 በላይ ሰዎች በዚያ አልፈው ወደ ዌስተርቦርክ ካምፕ፣ ከዚያም አብዛኞቹ ፖላንድ ውስጥ ወደነበሩት የግድያ ካምፖች፣ ወደ አውሽዊትዝና ወደ ሶቢቦር ተጭነዋል። ትንንሾቹን ልጆች ግን ከወላጆቻቸው ለይተው ከመንገዱ ማዶ ባለው ማቆያ ያቆዩአቸው ነበር። ዘበኞቹ የሚቆሙት በቲያትር ቤቱ በር ላይ ነው። የማቆያውና የማሠልጠኛው ጓሮዎች ደግሞ የሚገናኙት ከኋላ፣ ከመንገድ በማይታይ በኩል ሲሆን፣ የሚለያቸው የቁጥቋጦ አጥር ብቻ ነበር። ይህን ንድፍ በእጁ ያልያዘ ጸሐፊ፣ ልጆቹ እንዴት ሊወጡ እንደቻሉ ለአንባቢው ማስረዳት ሲያቅተው ወደ ውዳሴ ይሸሻል፤ ስለ እኚህ ሰው የተጻፉ ብዙ አጫጭር ጽሑፎች ላይ የሚታየው ጉድለት ይኸው ይመስለኛል።

ስለ ልጅነታቸው ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። በጃንዋሪ 28 ቀን 1911 አምስተርዳም ውስጥ መወለዳቸውንና ለመምህርነት መሠልጠናቸውን መጥቀስ ይበቃል። ይልቅ ደረቅ መስሎ የሚታለፈውን የገንዘብ ጉዳይ አይዝለሉት። በ1942 ማሠልጠኛው ከመንግሥት የሚያገኘው ድጎማ ስለተቋረጠ የመዘጋት ዕጣ ተደቅኖበት ነበር፤ ፋን ሁልስት ግን የተማሪዎቹን ወላጆች መዋጮ ጠይቀው ትምህርቱ እንዲቀጥል አደረጉ። በዚያ ዓመት በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በቀጣዩ ዓመት ከአጥሩ ወዲህ ልጅ የሚቀበል ሰው ባልተገኘ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሰንሰለቱን ይዘርጉ። በቲያትር ቤቱ ውስጥ ወራሪዎቹ ያቋቋሙት የአይሁድ ምክር ቤት ተወካይ ሆነው ይሠሩ የነበሩት ዋልተር ዙስኪንድና ባልደረባቸው ፌሊክስ ሃልፈርስታት የልጆቹ ስም ከመዝገብ እንዲጠፋ ያደርጉ ነበር። የማቆያው ኃላፊ ሄንሪየት ፒሜንቴልና ወጣት ሞግዚቶቻቸው ደግሞ ልጆቹን ያዘጋጃሉ። ወላጆች ይጠየቁ ነበር፤ ፈቃዳቸውን የሰጡ እናቶች ለጉዞ ሲጠሩ፣ ሕፃን የታቀፉ እንዲመስሉ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አሻንጉሊት ይዘው የወጡበት ጊዜ አለ። ይህን አንድ ነገር ቀረብ ብለው ያሳዩ እንጂ ቅጽል አይጨምሩበት፤ እናቲቱ ልጇን በፈቃዷ ሰጥታ፣ አሻንጉሊት ታቅፋ ወደ ባቡር መሄዷ ራሱ ይናገራል።

የፋን ሁልስት ድርሻ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማቆያው ሲጨናነቅ ልጆቹ ቀን የሚተኙበት ክፍል በማሠልጠኛው ውስጥ ፈቀዱ። ልጆች በአጥሩ ላይ እየተቀባበሉ ወደዚያ ይሻገራሉ፤ የተወሰኑ ሰዓታትን ይቆያሉ፤ ከዚያም በኅቡዕ የሚንቀሳቀሱ ተማሪዎች በከረጢት፣ በጆንያ ወይም በልብስ ቅርጫት አድርገው፣ ትልልቆቹንም በእጃቸው ይዘው ይወጣሉ። ትራም መጥቶ በሁለቱ ወገኖች መካከል ሲቆም የዘበኞቹን እይታ ስለሚጋርድ፣ ያቺን አፍታ ጠብቀው ይወጡ ነበር። ስለዚህ ግሱን ሲመርጡ ይጠንቀቁ። «600 ሕፃናትን አዳኑ» ከማለት ይልቅ፣ በዚያ ጎዳና ላይ በተዘረጋው ሰንሰለት 600 ያህል ሕፃናት መትረፋቸውንና ፋን ሁልስት በሰንሰለቱ ውስጥ ሕንፃውን፣ ፈቃዱንና ራሳቸውን ያቀረቡ ሰው መሆናቸውን መጻፍ ለእውነቱ ይቀርባል። ልጆቹን በየገጠሩ የተቀበሉትን ቤተሰቦችም አይርሱ። ፒሜንቴል በ1943 ተይዘው አውሽዊትዝ ውስጥ ተገድለዋል፤ ዙስኪንድም ከጦርነቱ በሕይወት አልወጡም። እነርሱ ቃለ መጠይቅ አልሰጡም፤ 107 ዓመት የኖረ ሰው ግን ይሰጣል። የታሪኩ ሚዛን ወደ አንድ ወገን ያጋደለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጸሐፊው ካላስተካከለው በቀር።

የፈተናው ቀን ትዕይንት ለብቻው አንቀጽ ይገባዋል። በ1943 ለተማሪዎቹ ፈተና ከትምህርት ሚኒስቴር የመጡ ተቆጣጣሪ ማሠልጠኛው ውስጥ የሕፃናት ድምፅ ሰምተው፣ የአይሁድ ልጆች እንደሆኑ ጠየቁ። ፋን ሁልስት መልስ አልሰጡም። ተቆጣጣሪው እጃቸውን ጨብጠው ስለ እግዚአብሔር ብለው እንዲጠነቀቁ አሳሰቡ። ሲጽፉት ዝምታውን በፍርሃት ቃላት አይሙሉት፤ በጥያቄውና በመጨባበጡ መካከል ምንም አያስገቡ።

ከሁሉም በላይ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው ግን የ1943 ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ማቆያው ባዶ ሊደረግ ሲል ፋን ሁልስት ሊወስዱ የሚችሉትን ያህል ልጅ እንዲወስዱ ተጠየቁ። በፊታቸው የነበሩት ልጆች እርሳቸው ሲያስታውሱ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ምናልባትም መቶ ያህል ነበሩ። ሁሉንም መውሰድ እንደማይቻል፣ የሚቀሩትም እንደሚሞቱ ያውቁ ነበር። ዐሥራ ሁለት ልጆች ወሰዱ። ከብዙ ዘመን በኋላ ያቺን ቀን የሕይወታቸው እጅግ ከባድ ቀን ብለዋታል፤ ለምን ዐሥራ ሦስት አልሆኑም ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ እንደነበርም ተናግረዋል። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ለማጽናናት ይቸኩላሉ፤ የተረፉትን በመቁጠር ጥያቄውን ይዘጉታል። አይዝጉት። እርሳቸውም ሲናገሩ የሚያነሡት ያዳኗቸውን ሳይሆን ሊያድኗቸው ያልቻሉትን ነበር። ለአንባቢው መጠኑን ማሳየት ከፈለጉ አንድ ቁጥር ይበቃል፦ ከኔዘርላንድስ 140,000 ያህል አይሁድ መካከል 102,000 ያህሉ ተገድለዋል።

ይህን ቀን የጽሑፉ መደምደሚያ ለማድረግ የሚገፋፋ ነገር አለ፤ ነገር ግን ሰውዬው ከዚያ በኋላ ሰባ አራት ዓመት ኖረዋል። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል እርሳቸውም ስለሚፈለጉ ተደብቀው ነበር። ከ1956 እስከ 1981 በላይኛው ምክር ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜ የክርስቲያናዊ ታሪካዊ ኅብረት ፓርቲን ወክለው ተቀምጠዋል፤ በ1960ዎቹ በአውሮፓ ፓርላማ አገልግለዋል፤ በአምስተርዳሙ ነፃ ዩኒቨርሲቲም የሥነ ትምህርት ፕሮፌሰር ነበሩ። የፖለቲካውን ዘመን አጠር አድርጎ ማለፍ ይቻላል፣ ምክንያቱም በውስጡ የጓሮው አጥር ዓይነት ትዕይንት የለበትም፤ የመምህርነቱን ግን ማያያዝ አይከብድም፣ ሰውዬው ከማሠልጠኛው ጀምረው እስከ ዩኒቨርሲቲው ሥራቸው አስተማሪ ማፍራት ነበርና። በ1972 የእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም የሆነው ያድ ቫሼም፣ አይሁድን ላዳኑ አይሁድ ያልሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን ከአሕዛብ መካከል ጻድቅ የሚለውን ክብር ሰጥቷቸዋል። ቼዝ ይወዱ እንደነበርም ይግባ፤ በ2010፣ በ99 ዓመታቸው፣ ለቀድሞ ፖለቲከኞች በተዘጋጀ ውድድር አሸንፈዋል። ይህ ጨዋታ ቢመስልም ከክብር መዝገቡ ይልቅ ሰውየውን ያቀርባል።

ማርች 22 ቀን 2018 ዐረፉ። ማሠልጠኛቸው የነበረው ሕንፃ ከ2024 ጀምሮ ብሔራዊ የሆሎኮስት ሙዚየም ሆኗል፤ ከማዶ ያለው ቲያትር ቤትም መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል። አሁን የጀመሩበትን ንድፍ ከጽሑፉ ጎን አውጥተው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በጣትዎ ይከተሉ፤ ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ማን እንደቆመ ያልገለጹበትን ቦታ ካገኙ ያንን አንቀጽ እንደገና ይጻፉት።