ሥራ ሳትለቁ ዲግሪ ለመማር

መጀመሪያ ክፍያ አትጠይቁ። እውቅናውን ጠይቁ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለግል ኮሌጅ እውቅና የሚሰጠው በጅምላ አይደለም፤ ለየካምፓሱ፣ ለየትምህርት ዘርፉና ለየአሰጣጡ ነው፣ ስለዚህ ፒያሳ ያለ አንድ ቅርንጫፍ አካውንቲንግ በመደበኛ ተፈቅዶለት በርቀት ላይፈቀድለት ይችላል። እኔ ይህን ሳላጣራ ተመዝግቤ የአንድ ሴሚስተር ብሬን ተበላሁ። ወረቀቱን በዓይናችሁ እዩ። "በሂደት ላይ ነው" ካሏችሁ ውልቅ በሉ።

ማታ ለመማር ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከመሥሪያ ቤት ተነስታችሁ እስከ ግቢው ሞክሩት። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ 40 ደቂቃ ከተገተራችሁ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁሌም ያመልጣችኋል፤ እንግዲያው ቅዳሜና እሁድ ይሻላል። ርቀትም አለ፣ ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ሞጁሉ አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል።

ሥራ ሲበዛ ሁለት ኮርስ ብቻ ወስዶ የሁለቱን ብቻ መክፈል ይቻል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ማንበቢያ ከጠፋ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ።

ቀንም ተማሩ ማታ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የድሮ ጥያቄዎችን ካሁኑ ሰብስቡ።